የሱፍ ኖግ ለጾመ ነቢያት

 በቶሮንቶና በዙሪያዋ ያላችሁ፣ በተለይ በቶርንክሊፍ ፓርክ ፎቆች ላይ ሆናችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ወጥ ቤት ይገባል፤ እሳት ግን አንለኩስም። የምንሠራው የበዓል መጠጥ ወተትም እንቁላልም የለውም፣ አልኮልም አይገባበትም፣ ምድጃም አያውቀውም። ወረቀትና እስክሪብቶ አቅርባችሁ ተቀመጡ። ልኬቱ ላይ ስንደርስ ቀስ ብዬ እናገራለሁ።

ጉዳዩን ያነሳሁት በጾሙ ምክንያት ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል፤ እዚህ አገር በሚቆጠረው ኖቬምበር 24 ገደማ መሆኑ ነው። የምንፈስከው ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ጃንዋሪ 7 ነው። የዚህ አገር ገና ደግሞ ዲሴምበር 25 ላይ ይውላል፤ በእኛ ታኅሣሥ 16 መሆኑ ነው። እንግዲህ መሥሪያ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ግብዣ ላይ ሲሆን እኛ ከጾሙ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሰን ሁለት ሳምንት ያህል ይቀረናል። በዚያው ሰሞን የየሱቁ ማቀዝቀዣ ከወተትና ከእንቁላል በሚሠራው በኤግኖግ ካርቶን ይሞላል። ልጆቻችን ከጓደኞቻቸው ጋር ሲሰበሰቡ ብርጭቆው ይዞራል፤ የሚጾመው ልጅ ውሃ ይሰጠዋል፣ ቢበዛ የብርቱካን ጭማቂ። ልጁ ጾሙን ወዶ ይጹም እንጂ ከበዓሉ ማዕድ ባዶ እጁን መመለስ የለበትም ብዬ አምናለሁ። ለዚያ ደግሞ የሚያስፈልገው ሙያ በቤታችን አለ። እናቶቻችን ከቅባት እህል ወተት ሲያወጡ ኖረዋል።

በመጀመሪያ ኤግኖግ እንዴት እንደተሠራ እንወቅ። ምን በምን እንደሚተካ የምናውቀው ያኔ ነው። መጠጡ ከእንግሊዝ የመጣ ነው። በመካከለኛው ዘመን ትኩስ ወተት ከጠላ መሰል መጠጥ ወይም ከወይን ጋር ይቀላቀል ነበር፤ ያ ልማድ ከጊዜ በኋላ እንቁላል፣ ክሬምና ስኳር ተጨመረበት። ወደ አሜሪካ ሲሻገር ሩምና ዊስኪ ገቡበት። በ1826 በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ለገና ዋዜማ ዊስኪ በድብቅ አስገብተው ኤግኖግ ሲጠጡ አድረው ረብሻ አስነሥተው ነበር፤ ከመካከላቸው የተወሰኑት በወታደራዊ ፍርድ ቤት ቆመዋል። ዛሬ በካርቶን የሚሸጠው አልኮል የለውም። በአሜሪካ የምግብ ደንብ ኤግኖግ ለመባል ቢያንስ 6 በመቶ የወተት ስብ እና 1 በመቶ ከእንቁላል አስኳል የሚገኝ ደረቅ ይዘት ሊኖረው ይገባል።

እነዚህ ነገሮች ምን ሥራ ይሠራሉ? ስቡ መጠጡን ያከብደዋል፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ለስልሶ እንዲቆይ ያደርገዋል። አስኳሉ ቢጫ ቀለም ይሰጣል፣ ያወፍራል፤ በተጨማሪም ሌሲቲን የሚባለው ይዘቱ ስብና ውሃ እንዳይለያዩ አስተባብሮ ይይዛል። ስኳሩ ያጣፍጣል። መዓዛው በዋናነት የገውዝ ነው። እንግዲህ የሚያስፈልገን ስብ፣ ስብንና ውሃን የሚያያይዝ ነገር፣ ውፍረት፣ ቢጫ ቀለም፣ ጣፋጭና ቅመም ነው። እነዚህን ሁሉ ከዕፅዋት ማግኘት ይቻላል።

ስቡን ከሱፍ እናገኛለን። አገር ቤት የሱፍ ፍትፍት ያልበላ ጾመኛ የለም ማለት ይቻላል። የቆየው የአገራችን ሱፍ እሾሃማ ቅጠልና ነጭ፣ ጠንካራ ፍሬ ያለው ተክል ነው። ፍሬው ይቀቀላል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በውሃ ይታሻል፣ በወንፊት ይጠለላል። ከዚያ የሚወርደው ነጭ ውሃ በእንጀራ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ይፈተፈታል። እዚህ ካናዳ በየሱቁ በቀላሉ የምናገኘው ደግሞ ትልቅ ቢጫ አበባ የሚሰጠው፣ ብዙዎች የፈረንጅ ሱፍ የሚሉት ነው፤ ተላጥቶ፣ ሳይቆላ፣ በኪሎ ይሸጣል። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ሌሲቲንም ከራሱ ጋር ይዟል፤ ፋብሪካዎች ከአኩሪ አተር ሌላ ሌሲቲን ሲፈልጉ የሚያወጡት ከዚሁ ከሱፍ ነው። ስለዚህ አንድ ፍሬ የክሬሙንም የአስኳሉንም ሥራ ይሠራል።

በዚህ አገር ጥሬ የዕፅዋት ምግብ የሚያዘጋጁ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ካሹ ይመርጣሉ። እኔ አልመርጠውም። አንደኛ፣ ጥሬ ተብሎ የሚሸጠው ካሹ በእውነት ጥሬ አይደለም። የካሹ ቅርፊት ቆዳ የሚያቃጥል ቅባት ስላለው ፍሬው ከመፈልፈሉ በፊት በእንፋሎት ወይም በእሳት ያልፋል። ሁለተኛ፣ ካሹ ብዙ ልጆችን በአለርጂ ይጎዳል። በኦንታሪዮ ሳብሪናስ ሎው የሚባለው ሕግ ከ2006 ጀምሮ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለከባድ አለርጂ ዕቅድ እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ኦቾሎኒና መሰል ፍሬዎች ያሉበት ምግብ እንዳይመጣ ይጠይቃሉ። ሰሊጥም ካናዳ ቅድሚያ ከሰጠቻቸው የአለርጂ ምግቦች አንዱ ነው። ሱፍ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ያም ሆኖ ከረጢቱን አንብቡ፤ ኦቾሎኒ በሚታሸግበት ፋብሪካ የታሸገ ከሆነ አለርጂ ላለበት ልጅ አትስጡ። የሱፍ ዋጋም ቢሆን ከካሹ በእጅጉ ይረክሳል።

ሰፈራችን ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ቶርንክሊፍ ፓርክ እስከ 1952 የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ ነበር፤ ሜዳው ተሸጦ ፎቆቹ ተሠሩበት። ዛሬ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ይኖርበታል፤ ብዙው ከፓኪስታን፣ ከአፍጋኒስታን፣ ከሕንድና ከሌላም አገር የመጣ ነው። በአር ቪ በርጀስ ፓርክ በ2013 ለሕዝብ የተተከለው ታንዱር፣ በሰሜን አሜሪካ በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ የመጀመሪያው የተባለለት፣ የሰፈሩ ሴቶች ኮሚቴ ትግል ውጤት ነው። በየፎቁ ምግብ በሳህን የሚዘዋወርበት ሰፈር ስለሆነ ለጎረቤት ሊሰጥ የሚችል መጠጥ መሥራት ትልቅ ነገር ነው። ሙስሊም ጎረቤታችሁ አልኮል የለውም ወይ ብሎ ሳይጨነቅ ይጠጣዋል። የሂንዱ ጎረቤታችሁ እንቁላል የማይበላ ከሆነ እሱም ይጠጣዋል።

ግዢውን እንዲህ አድርጉ። በሰፈሩ የደቡብ እስያ ሱቆች ውስጥ ተምር፣ ሙሉ ገውዝ፣ ቀረፋ፣ ለቢጫው ቀለምም እርጥብ እርድ ታገኛላችሁ። እርጥቡን እርድ መፈለጋችሁ ምክንያት አለው፤ ዱቄት ሆኖ የሚሸጠው እርድ ከመድረቁ በፊት ስለሚቀቀል ጥሬ አይባልም። እዚያው ካላ ናማክ የሚባል ጥቁር ጨው ይሸጣል። ሲፈጭ ሐምራዊ ግራጫ ይሆናል፤ ድኝ ስላለበት የተቀቀለ እንቁላል ይሸታል። ኤግኖግ የለመደ ሰው የሚናፍቀውን ያን የእንቁላል ጠረን የሚያመጣላችሁ እሱ ነው። ጨውየው በእሳት የሚሠራ ስለሆነ በጥሬነት ላይ የማይደራደር ሰው ይተወው። ኮረሪማ ለማግኘት ደግሞ 81 ቁጥር አውቶቡስ ይዛችሁ ፔፕ ጣቢያ ውረዱ፣ ከዚያ በባቡር ሁለት ጣቢያ ወደ ምሥራቅ፣ ግሪንውድ። ዳንፎርዝ ላይ በዚያ አካባቢ ያሉት የሐበሻ ሱቆች አያጡትም። ኮረሪማ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ቅመም ነው፤ ከገውዝ ጋር ሲገናኝ ጠረኑ የበዓል ቡና ያስታውሳል። ይህን ያስገባሁት ከራሴ ነው፤ በመጀመሪያው ኤግኖግ ውስጥ የለም፣ ግን ሳልጨምርበት አልሠራውም።

አሁን ልኬቱን ጻፉ። የተላጠ ጥሬ ሱፍ፣ አንድ ኩባያ፤ 140 ግራም ገደማ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ለመፍጫ፣ ሁለት ኩባያ ተኩል። ለስላሳ ትልልቅ ተምር፣ አምስት ወይም ስድስት፣ ፍሬው የወጣ። ያልተቆላ ተልባ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ። ገውዝ ተፍቆ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ። ከኮረሪማው ውስጥ አምስት ስድስት ፍሬ፣ የተወቀጠ። ቀረፋ በጣት ጫፍ። እርጥብ እርድ የጥፍር ያህል። ሎሚ አንድ። ጨው በጣም ትንሽ።

ሥራው ማታ ይጀምራል። ሱፉን ውሃው ጥርት እስኪል እጠቡት። አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ በጨመራችሁበት ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጠረጴዛ ላይ አታሳድሩት። የአፓርትማው ማሞቂያ በክረምት ቤቱን ያሞቀዋል፤ በሙቅ ቤት የተዘፈዘፈ ፍሬ ላይ ተህዋስያን ይራባሉ። ሎሚውም ያለ ምክንያት አልገባም። በሱፍ ውስጥ ክሎሮጄኒክ አሲድ የሚባል ነገር አለ፤ አየር ሲያገኘው፣ በተለይ አሲድ በሌለበት፣ ወደ አረንጓዴና ግራጫ ይለወጣል። ሎሚ ወተቱን ነጭ አድርጎ ይጠብቀዋል።

ተልባውን ለብቻው በግማሽ ኩባያ ውሃ ዘፍዝፉት፤ እሱም ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ጠዋት ስታዩት ውሃው እንደ እንቁላል ነጭ ተዝለግልጎ ታገኙታላችሁ። ዝልግልጉን በወንፊት አጥልላችሁ ፍሬውን አስቀሩት። እኛ ተልባ ስንጠጣ ቆልተን፣ ወቅጠን፣ ነፍተን ነው፤ እዚህ ግን የተፈለገው ጣዕሙ ሳይሆን ማወፈሪያነቱ ብቻ ነው። ከአንድ የሾርባ ማንኪያ አታሳልፉ። ያልተቆላ ተልባ ሲበዛ ሳያናይድ የሚያመነጭ ይዘት ስላለው ፍሬውን ማውጣቱም ልኩን መጠበቁም ይበጃል።

ጠዋት የሱፉን ውሃ ድፉ፣ እንደገና እጠቡት፣ መፍጫው ውስጥ ከሁለት ኩባያ ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ጨምሩት። ግማሽ ደቂቃ ፍጩ፣ አቁሙ፣ እንደገና ግማሽ ደቂቃ። የብሌንደር ምላጭ በፍጥነት ሲሽከረከር ውሃውን ያሞቀዋል። ጥሬ ምግብ የሚከተሉ ሰዎች ከ42 እስከ 48 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ወሰን ያበጃሉ፤ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነና በየመሐሉ ካቆማችሁ እዚያ አትደርሱም። ከዚያ በንጹሕ ማጥለያ ጨርቅ አጥልሉት። ጨርቁን በእጃችሁ ጨምቁት፤ ስቡ ያለው በመጨረሻው ጭማቂ ውስጥ ነው። ቀድሞ ያልኳችሁን ስብ አሁን እናስላ። 140 ግራም ሱፍ ውስጥ 70 ግራም ያህል ዘይት አለ። ግማሹ በገለባው ቢቀር እንኳ ከሁለት ኩባያ ተኩል ውሃ አንጻር ወደ 6 በመቶ ይጠጋል። ከኤግኖጉ ደንብ ብዙም አልራቀም ማለት ነው።

ወተቱን ወደ ታጠበው መፍጫ መልሱ። ተምሩን፣ የተልባውን ዝልግልግ፣ እርዱን፣ ቅመሙንና ጨዉን ጨምሩበት፤ ተምሩ እስኪጠፋ ፍጩት። ቅመሱት። ካላ ናማክ ካላችሁ የሰሊጥ ፍሬ ያህል ብቻ ጨምሩና እንደገና ቅመሱ፤ ከበዛ መጠጡ ሁሉ ድኝ ድኝ ይላል፣ መመለሻም የለውም። ቫኒላ ለምትወዱ፣ በጠርሙስ የሚሸጠው ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ በአልኮል የተነከረ ስለሆነ ዱቄቱን ወይም ሙሉ ዘንጉን ተጠቀሙ። በመጨረሻ በመስታወት ጠርሙስ አድርጋችሁ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። ቅመሙ የሚገባው፣ መጠጡም የሚወፍረው ያኔ ነው። ስትቀዱ ነቅንቁትና ከላዩ ጥቂት ገውዝ ፋቁበት።

ገውዝን አደራ በልኩ። ሩብ የሻይ ማንኪያ ለመላው ጠርሙስ በቂ ነው። አንድ ሰው ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ቢወስድ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መፍጠንና መቃዠት ሊያመጣበት ይችላል። ሙሉውን ፍሬ ከሕፃናት እጅ አርቁት።

ሳይሳካ ቢቀርስ? ከቀጠነ ተልባው በደንብ አልተዝለገለገም፤ አንድ ተምር ጨምሩ፣ በሚቀጥለው ውሃውን ቀንሱ። ጠዋት ተነሥታችሁ ጠርሙሱን ስታዩ ውሃ ከታች ወተት ከላይ ቢለያይ አልተበላሸም፣ ነቅንቁት። ከመረረ ሱፉ አሮጌ ነው። በዘይት የበለፀገ ፍሬ ሲቆይ ዘይቱ ይበላሻል፤ ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን አኝኩት፣ ስትገዙም ትንሽ ገዝታችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡት።

ስለ ጥሬነቱ በግልጽ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ ሊይዝ እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን፤ ጥሬ ፍሬም ከዚያ ነፃ አይደለም። በ2021 አሜሪካ ውስጥ ከካሹ የተሠራ የዕፅዋት አይብ ሰዎችን በሳልሞኔላ አሳምሟል። ስለዚህ መጠጡ ከ4 ዲግሪ በታች ይቀመጥ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ይለቅ፣ በግብዣ ጠረጴዛ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። እርጉዝ፣ አረጋዊ፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ወይም ትንሽ ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ ሱፉን ቀቅሉት። እናቶቻችን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ሱፉ ይለሰልሳል፣ ተህዋሱም ይሞታል። ከተዘፈዘፈው ውሃ አውጥታችሁ በሚፈላ ውሃ አሥር ደቂቃ አፍሉት፣ አቀዝቅዙት፣ የቀረው ሥራ ያው ነው። ጥሬ አይባልም፤ የጾም ግን ነው፣ ጣዕሙም አያንስም።

ሌላው ማሳሰቢያዬ ለወላጆች ነው። ይህ መጠጥ የበዓል ነው፤ የሕፃን ወተት አይተካም። ካልሲየሙ ጥቂት ነው፣ ቪታሚን ቢ12 የለውም። በጾሙ ሁሉ ወተት የማይጠጣ ልጅ ካላችሁ ቪታሚን የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ይሻለዋል፤ ኖጉን ለቅዳሜና እሑድ ወይም ለግብዣው ቀን አቆዩለት። እስከ 9 ሰዓት ለምትጾሙም እንዲሁ፤ ስብና ስኳር የበዛበት ስለሆነ በባዶ ሆድ ትልቅ ብርጭቆ አትጠጡ። በስኒ ጀምሩት፣ ምግቡን ብሉበት፣ ከዚያ ድገሙት።

ማር ይገባበታል ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። ተልባ በማር በጥብጦ መጠጣት በብዙ የጾም ቤት የተለመደ ስለሆነ ለራሳችሁ ማር ብትጨምሩ ማንም አይከለክላችሁም። የምትሰጡት ሰው ግን ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ሁሉ የማይቀምስ ከሆነ ማርንም አይቀምስም፤ ለእሱ ተምሩ ይበቃል።

በመጨረሻ፣ ለሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መሥራት ለምትፈልጉ፣ ሱፉን እጥፍ አድርጋችሁ ዘፍዝፉ። ከጨርቁ የወረደው ወተት ላይ ተምር ሳይገባበት ግማሹን ለዩ። ያ ግማሽ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በጨው የምሳችሁ የሱፍ ፍትፍት ይሆናል፤ ሌላው ግማሽ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ለማታው ይቀዘቅዛል። ጨርቁ ውስጥ የቀረውን ገለባ አትጣሉት፤ ከተምር ጋር አድቅቃችሁ በእጃችሁ እያድበለበላችሁ ቀረፋ ብትነሰንሱበት ልጆች የሚወዱት ጣፋጭ ይሆናል። እሱንም በሁለት ቀን ውስጥ ጨርሱት።